ሙቀቱ ልክ ነው፤ ቫልቩስ?

ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የምታጠኑ እህትና ወንድሞች፣ ፕሮሰስ ኮንትሮል ላይ የፖሊመራይዜሽን ሪአክተር ደጋግሞ ይነሳባችኋል። ምክንያቱን ከአንድ አደጋ እንነሳና እንየው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2006 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሞርጋንተን ከተማ በነበረው ሲንትሮን ፋብሪካ የአክሪሊክ ፖሊመር ሪአክተር ከቁጥጥር ወጣ። አንድ ሠራተኛ ሞተ፣ 14 ሰዎች ተጎዱ። ፋብሪካው የታዘዘው ከወትሮው ትንሽ የሚበልጥ ምርት ነበር። ተጨማሪውን ሞኖመር ግን በሙሉ ገና ከመጀመሪያው ሪአክተሩ ውስጥ ጨመሩት። ሙቀት የሚመነጭበት ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ኮንደንሰሩ ሊቋቋመው አልቻለም። ትነቱ በክዳኑ አፈትልኮ ወጣና በእሳት ተያያዘ።

ስሌቱን በስታይሪን እንሞክረው። አንድ ሞል ፖሊመር ሲሆን 70 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቃል። ለ104 ግራም ስናካፍለው በግራም 670 ጁል ይሆናል። የሙቀት አቅሙን በግራም 2 ጁል ያህል ብንይዝ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ንጹሕ ስታይሪን ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። የሚፈላው ደግሞ በ145 ነው! በዚያ ላይ ፖሊመሩ እየወፈረ ሲሄድ ሰንሰለቶቹ መቋጫ ያጣሉ፣ ሪአክሽኑ ይፈጥናል፤ በዚያው ሰዓት በጃኬቱ በኩል ሙቀት ማውጣት ይከብዳል።

የተለመደው መላ ካስኬድ ነው፦ ዋናው ኮንትሮለር የሪአክተሩን ሙቀት ያነባል፣ ለጃኬቱ ኮንትሮለር ደግሞ ሴት ፖይንት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው ነገር አለ። ሙቀቱ ልክ ሆኖ የማቀዝቀዣው ቫልቭ 95 በመቶ ተከፍቶ ከሆነ፣ ኮንትሮለሩ የቀረው ጉልበት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ብቻ ሳይሆን ቫልቩንም እዩ።

ሞኖመሩን ቀስ በቀስ መመገብ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ምግቡን ስንዘጋ ሙቀቱም ይበርዳል። ይህ የሚሠራው ግን የገባው ሞኖመር ወዲያው ሪአክት ካደረገ ብቻ ነው። አለዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ሪአክሽን የሚያቆም ኬሚካል ማዘጋጀትም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ማማሰያው ከቆመ በምን ይደባለቃል?

ጥራቱም ከዚሁ ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ፒቪሲ በአብዛኛው ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ክልል ይመረታል፤ የሰንሰለቱን ርዝመት በዋናነት የሚወስነው ሙቀቱ ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ዲግሪ አለው። አልኮል በማጣራት ይስተካከላል፤ አጥሮ የተሠራ ሰንሰለት ግን አይቀጠልም።

ለጥናት ቡድናችሁ አንድ ጥያቄ፦ ሞኖመር እየገባ ሳለ የሪአክተሩ ሙቀት ከተፈለገው በታች ወረደ። መጀመሪያ ማሞቅ ነው ወይስ ምግቡን መዝጋት? መልሱ መዝጋት ነው። ለምን እንደሆነ የተጠራቀመውን ሞኖመር አስልታችሁ አሳዩ።