ሕመሙ ከታምቡሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

ብዙ ሰው ጆሮውን ሲያመው መድኃኒት ቤት ገብቶ አሞክሳሲሊን ካፕሱል ይጠይቃል። አምስት ቀን ውጦ ለውጥ ሲያጣ «አልያዘልኝም» ብሎ ሌላ ካፕሱል ይገዛል። ነገሩ የተበላሸው ግን ከመድኃኒቱ በፊት ነው። ሕመሙ ከጆሮ ታምቡር ወዲህ፣ ማለትም በውጭኛው ቦይ ውስጥ ነው ወይስ ከታምቡሩ ወዲያ በመካከለኛው ጆሮ፣ ማንም አልለየውም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ሕክምናቸውም ለየቅል ነው። እዚህ የማስረዳው ስለ መጀመሪያው፣ ስለ ቦዩ ነው።

የቦዩ ቆዳና ኩክ

የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ ደጅ ያለው ሲሶ ፀጉርና ኩክ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉት። ቀሪው ሁለት ሲሶ በአጥንት የተከበበ ነው፤ እዚያ ያለው ቆዳ እጅግ ስስ ሆኖ አጥንቱ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ሲያብጥ መፈናፈኛ አያገኝም። ትንሽ እብጠት ሰውን እንቅልፍ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ኩክ ቆሻሻ አይደለም። ቅባትነቱ ውኃ ወደ ቆዳው እንዳይሰርግ ይከላከላል፤ ጥቂት አሲድነቱ ደግሞ ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳይራቡ ያግዳል። የቦዩ ቆዳ ከታምቡሩ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ስለሚያድግ ኩኩን ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። በክብሪት እንጨት፣ በዶሮ ላባ፣ በእስክሪብቶ ክዳን ወይም ጥጥ በተጠቀለለበት ዘንግ የሚጎረጉር ሰው ግን ይህን መከላከያ ይጠርገዋል፣ ቆዳውን ይጭረዋል፣ የተረፈውን ኩክም ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል።

ሙቀት፣ ውኃና ጭረት

በሽታው ሙቀትና እርጥበት ይስማማዋል። የወላይታዋ ሶዶ ከተማ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ስላለች አየሯ ቀዝቀዝ ይላል፤ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ፣ በምሥራቅም ወደ ብላቴ ወንዝ ሲወረድ ግን ሞቃት ቆላ ነው። ወንዝ ወርዶ የሚዋኝ ልጅ ጆሮው ውስጥ ውኃ ይቀራል፤ የራሰ ቆዳ ይላላል፣ የላላ ቆዳም ቶሎ ይጫራል። በጭረቱ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ እና ስታፊሎኮከስ ኦሬስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሱዶሞናስ በውኃና በረጠበ ቦታ ሁሉ ይኖራል። ደገኛው ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ የሚጎረጎር ጆሮ የትም ቢሆን ይታመማል።

በጣት የሚደረግ ምርመራ

መሣሪያ በሌለበት፣ በጤና ኬላም ሆነ በቤት፣ ብዙ የሚናገር ምርመራ አለ። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ቀስ ብለው ይጫኗት፤ ቀጥሎ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት። ታማሚው በዚህ ጊዜ በሕመም ከተሸማቀቀ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ቦዩ ነው። የቦዩ ሕመም በማሳከክ ይጀምርና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይከርራል፤ ሲያኝኩ ይብሳል፤ ጆሮው የተደፈነ ይመስላል፤ የሚወጣው ፈሳሽም ብዙ አይደለም።

የመካከለኛው ጆሮ ሕመም አካሄዱ ሌላ ነው። ይበልጥ የሚይዘው ሕፃናትን ነው፤ ጉንፋንን ተከትሎ ይመጣል፤ ትኩሳት ያስከትላል፤ ጆሮው ሲጎተት ግን አይብስም። ታምቡሩ ተቀዶ መግሉ ሲፈስ ሕመሙ ጋብ ይላል። መግሉ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከፈሰሰ ሥር የሰደደ የጆሮ ኢንፌክሽን ይባላል፤ ይህኛው ቦዩንም እያራሰ ሊያቆስለው ስለሚችል ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ጆሮ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የጣት ምርመራው ኦቶስኮፕን (የጆሮን ውስጥ ማያ መሣሪያን) አይተካም።

መጀመሪያ ማጽዳት

ባለሙያው በኦቶስኮፕ ሲያይ ቦዩ ቀልቶ፣ አብጦና በእርጥብ ቅርፊት ተሞልቶ ያገኘዋል። ሕክምናው የሚጀምረው ያንን በጥንቃቄ ጠርጎ በማውጣት ነው። በተጣደፈ ሥራ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ እርምጃ ነው፤ መዘለል ግን የለበትም፤ ባልጸዳ ጆሮ ውስጥ የገባ ጠብታ ቆዳውን ሳይነካ መግሉ ላይ ይቀራል። ታምቡሩ ደኅና መሆኑ ካልታየ በውኃ ማጠብ አይፈቀድም። ቦዩ በእብጠት ከተዘጋ ቀጭን የጎዝ (የፋሻ ጨርቅ) ቁራጭ ይገባና ጠብታው በእሱ በኩል ይሰርጋል፤ እብጠቱ ሲጎድል ይወጣል።

ካፕሱሉ ለምን አይበጅም

አሞክሳሲሊን ሱዶሞናስን አይገድልም። ስለዚህ ዋናው ጠላት ሱዶሞናስ ከሆነ አምስት ቀንም ቢዋጥ አሥር ቀን ያው ነው። ጠብታ ግን ሌላ ኃይል አለው፦ 0.3 በመቶ የሆነ የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ በአንድ ሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል፤ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ተውጦ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን ይህ ወደ ሺህ እጥፍ የሚጠጋ ነው። የሚዋጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው ኢንፌክሽኑ ከቦዩ አልፎ ወደ ፊት ወይም ወደ አንገት ሲዛመት፣ ወይም የታማሚው የመከላከል አቅም ሲዳከም ነው። ቀለል ላለው ሕመም 2 በመቶ የአሴቲክ አሲድ ጠብታም ይበቃል፤ ታምቡሩ ግን ያልተቀደደ መሆን አለበት። ጀንታማይሲን ያለበት ጠብታም በተቀደደ ታምቡር አልፎ የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። «ለጎረቤቴ የሠራለት ነው» ተብሎ ጠብታ መዋዋስ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ጠርሙሷን በእጅዎ ይዘው ያሙቁ፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ያዞራል። የታመመውን ጆሮ ወደ ላይ አድርገው ይተኙ፤ ከተጨመረ በኋላ ጉብታዋን ደጋግመው ጫን ጫን ያድርጉና ሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሳይነሡ ይቆዩ። ሕመሙ በሁለት ሦስት ቀን ይቀላል፤ ሕክምናው ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ይቀጥላል። እስከዚያ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይወሰዳል፤ ዋና ይቀራል፤ ገላ ሲታጠቡ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጆሮ ደጃፍ ላይ ይደረጋል። የጤና አዳም ጭማቂ፣ የሞቀ ዘይትና ቅቤ ወደ ታመመ ጆሮ አይግባ።

ከማመም ይልቅ ሲያሳክክ

ማሳከኩ ከሕመሙ ከበለጠና ቦዩ ውስጥ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ሻጋታ ከታየ ፈንገስ ነው፤ አስፐርጊለስ ወይም ካንዲዳ። የፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው ላይ በብዛት ይመጣል። እዚህ ላይ አንቲባዮቲኩ ይቆማል፣ ጆሮው ይጸዳል፣ 1 በመቶ የክሎትሪማዞል ጠብታ ይታዘዛል።

ቀጠሮ የማይሰጠው

የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ፣ በሌሊት የሚብስና በጠብታ የማይበርድ የጆሮ ሕመም ካለበት ኢንፌክሽኑ ወደ ራስ ቅል አጥንት ዘልቆ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ከጆሮ ጀርባ ያበጠ ልጅም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም። እንዲህ ያለው ሰው ሳምንታት የሚወስድ ጠንካራ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ጠብታ እየለወጣችሁ ቤት አታቆዩት፤ የሶዶ ሰው ኦቶና ወደሚለው ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ለእናንተ ወደሚቀርበው ሆስፒታል በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ስኳር ካለበትም ቀድማችሁ ተናገሩ።