የፋይበር ግላስ ጀልባ ወራጆች፤ አያያዛቸውና አጠጋገናቸው

ስለ ፋይበር ግላስ ጀልባ ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የቀፎውን ውፍረት ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይስታል። ፋይበር ግላስ በሙጫ ተነክሮ የደረቀ የመስተዋት ክር እንደ መሆኑ መጠን ለመበጠስ አስቸጋሪ፣ ለመለመጥ ግን ቀላል ነው። ተራው የመስተዋት ምንጣፍ በፖሊስተር ሙጫ በእጅ ተነጥፎ ሲደርቅ ግትርነቱ የብረትን ከሃያ እጅ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀፎው ብቻውን ቢተው ማዕበል በመታው ቁጥር እንደ ከበሮ ቆዳ ይረግባል። ይህ እንዳይሆን ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ወራጆች፣ እነርሱንም የሚያቋርጡ አግዳሚዎችና ግድግዳዎች ከውስጥ ይጣበቁበታል። በጭቃ ቤት ውስጥ ማገርና ወራጅ የሚሠሩትን እነዚህም ይሠራሉ።

የአንድ ወራጅ ግትርነት ከቁመቱ ኩብ ጋር እንደሚያድግ በመካኒክስ ትምህርት አይተናል፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሒሳቡ ለጀልባው የሚጠቅመው ግን ወራጁና ቀፎው እንደ አንድ አካል ሆነው ሲለመጡ ብቻ ነው። ማጣበቂያው የለቀቀ እንደ ሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ዓይን የሚያየው ወራጅ በቦታው ቢኖርም ሥራውን ትቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች የሸራ ጀልባ ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከሆዷ ሥር የሚወርደው ከባድ ኪል ተገንጥሎ ተገለበጠች፤ አራቱም መርከበኞቿ ጠፉ። ተገልብጦ በተገኘው ቀፎ ውስጥ የነፍስ አድን ጀልባው ከማስቀመጫው አልወጣም ነበር። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪ ክፍል በ2015 ባወጣው ዘገባ ቀፎው ስላልተመለሰ ምክንያቱን በእርግጥ ለመናገር እንደማይቻል ገልጾ፣ ጀልባዋ ቀደም ሲል መሬት መንካቷና ከዚያ በኋላ በኪሉና በውስጡ ተጣባቂ አጽም ላይ የተደረገው ጥገና ኪሉ የሚያያዝበትን ስፍራ አድክሞት ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። እንዲህ ያለው መላቀቅ ከላይ ሲታይ በቀላሉ የማይታወቅ መሆኑም ተነግሯል።

በአሮጌ ጀልባዎች ዘንድ የተለመደው በሽታ ሌላ ነው። ወራጁ ብዙ ጊዜ በፋይበር ግላስ የተሸፈነ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ነው፤ የሞተር ብሎን የገባበት ወይም ውሃ ማሳለፊያ የተበሳበት ቀዳዳ በሙጫ ሳይደፈን ከቀረ ውሃ ገብቶ ውስጡን ያበሰብሰዋል። በትንሽ መዶሻ ሲመቱት ጤነኛው ይጮኻል፤ የበሰበሰው ወይም የለቀቀው ይደነቁራል።

ጥገናው ሲጀመር ቀፎው ከውጭ በደንብ ይደገፋል፤ ወራጆቹም አንድ በአንድ እንጂ በአንድ ጊዜ አይወጡም። ይህ ካልተደረገ ቀፎው ቅርጹን ይለውጥና አዲሱ ወራጅ ጠማማነቱን ለዘለዓለም አጽንቶ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ማጣበቁ እንምጣ፤ በእኛ አስተያየት የሥራው ልብ እዚህ ነው። ጀልባው በፋብሪካ ሲሠራ አንዱ ንጣፍ ሳይደርቅ ሌላው ስለሚደረብ ሙጫው እርስ በርሱ በኬሚካል ይተሳሰራል። ፈጽሞ በደረቀ ቀፎ ላይ አዲስ ሙጫ ስንቀባ ግን በአብዛኛው የሚይዘው በተፋቀው ገጽ ጭረቶች ውስጥ ገብቶ በመቆንጠጥ ነው። ስለ ሆነም ቀለም፣ ዘይት፣ ሰምና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው። ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ በአሴቶንና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ በኋላ በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። አስቀድሞ የፋቀ ሰው ሰሙን ወደ ጭረቱ ውስጥ አሸው ማለት ነው። በተረፈ ለዚህ ሥራ ኢፖክሲን ከፖሊስተር እናስበልጣለን፤ ዋጋው ቢወደድም እንጨትንም የደረቀ ፖሊስተርንም አጥብቆ ይይዛል።

ወራጁና ቀፎው የሚገናኙበት ማዕዘን ስል ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የመስተዋት ክር በስል ማዕዘን ሲታጠፍ ይነሣና ከሥሩ አየር ይቀራል። ስለዚህ ኢፖክሲው በሲሊካ ዱቄት እንደ ስቱኮ ወፍሮ ማዕዘኑ ክብ ይደረጋል። ይህ ገና ተለጣፊ ሳለ፣ ክሮቹ በ45 ዲግሪ የተላለፉ ጨርቅ ይነጠፍበታል። ንጣፎቹ በቀፎው ላይ አንድ ስፍራ እንዳያልቁ የመጀመሪያው ለምሳሌ 50፣ ሁለተኛው 75፣ ሦስተኛው 100 ሚሊ ሜትር ይዘረጋል፤ ድንገት የሚቆም ወፍራም ጠርዝ ጭነቱን በአንድ መሥመር ላይ ያከማቻልና። የግድግዳም ጠርዝ ቀፎውን በቀጥታ እንዳይነካ ቀጭን ስፖንጅ በመካከል ይገባል፤ አለዚያ ቀፎው በዚያ መሥመር ላይ እየተለመጠ ይሰነጠቃል።

ስለ ጤንነት ጥቂት እንጨምር። የመስተዋት ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ስለ ሆነ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። የፖሊስተር ማጠንከሪያው ፐርኦክሳይድ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል፤ ኮባልት ካለበት ማፍጠኛ ጋርም በቀጥታ ከተቀላቀለ ይፈነዳል። ኢፖክሲም ቢሆን በትልቅ ዕቃ ብዙ ከተበጠበጠ ራሱን አሙቆ እስከ መጨስ ይደርሳልና ጥቂት ጥቂት እየበጠበጡ በሰፊ ሳህን መሥራት ይሻላል።

ሥራው ከደረቀ በኋላ መዶሻው እንደ ገና ይወጣል፤ በአዲሱ ንጣፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይመታል። የደነቆረ ስፍራ ከተገኘ ያ ክፍል ተፍቆ ይነሣና እንደ ገና ይነጠፋል፤ ድጋፉም ከቀፎው ሥር የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው።