የዋሸራን በግ በሦስት ወር ለበዓል ማድረስ

ዱርቤቴ ገበያ ላይ አንድ በግ ጠቦት፣ ሙክት ወይም አውራ ሲባል ዋጋው ይለያያል፤ አያያዙም እንዲሁ። የድለባ ትርፍ የሚጀምረው ከግዢው ቀን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሙያውን ቃላት በሥራው ቅደም ተከተል ይወቁ።

1. ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ድለባ 90 ቀን ያህል ይወስዳል። ለገና እስከ መስከረም 20፣ ለእንቁጣጣሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይግዙ። ፋሲካ በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ጾሙ ሊያዝ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ገበያ ይውጡ።

2. ስሙን ለይተው ይግዙ

ግልገል ገና የሚጠባ ነው፤ ለድለባ አይሆንም። ጠቦት ጡት የተወ ወጣት ወንድ ነው፤ ሲመገብ ቁመትም ሥጋም ይጨምራል። ሙክት ተኮላሽቶ የደለበ ነው፤ ዋጋው ከፍ ስለሚል ለእርስዎ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ቄብ ያልወለደች ወጣት ሴት ናት፤ አውራ ከሚባለው ያልተኮላሸ ወንድ ጋር ለርቢ ትቆይ።

የጎጃምና የአዊ ዝርያ የሆነው ዋሸራ ጸጉሩ አጭር፣ ላቱ ሰፊ ነው፤ ቀንድ የለውም፤ በአብዛኛው ቀይ ቡናማ ነው። በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ጥናት ካካሄደባቸው ዝርያዎች አንዱ ነው።

3. በእጅዎ ይመርምሩ

ከንፈሩን ገልጠው የታችኛውን የፊት ጥርስ ይዩ። ስምንቱም ትናንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ በጉ ወጣት ነው። መካከለኞቹ ሁለቱ ትልልቅ ከሆኑ ዓመት አልፎታል። ስምንቱም ተለውጠው ከሆነ አርጅቷልና ይለፉት።

ቀጥለው ወገቡን ይዳብሱ። አከርካሪው ቢሾልም ቁመቱ የረዘመ፣ ደረቱ የሰፋ በግ ሥጋ የሚይዝበት ቦታ አለው። ክሳቱ የበሽታ እንዳይሆን የዓይኑን ቆብ ገልበጥ ያድርጉ፤ ውስጡ ከነጣ፣ ወይም ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ አይግዙ። በጣና ዳርና በረግረግ ሜዳ የሚግጥ በግ እነዚህን ምልክቶች የሚያመጣ የጉበት ትል ሊይዘው ይችላል።

4. ለብቻ ያቆዩ

አዲሱን በግ ሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ይለዩ። በእነዚህ ቀናት የእንስሳት ሐኪም የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይስጠው፤ የደስታ መሰል በሽታ ክትባትም ያግኝ። ማኮላሸት ካሰቡም አሁን በሐኪም እጅ፣ ቡርዲዞ በሚባለው ማኮላሻ መሣሪያ ይሁን፤ በድንጋይ መቀጥቀጥ በጉን ያሠቃያል፣ ከመኖም ያስቀረዋል።

5. መኖውን ቀስ በቀስ ያሳድጉ

መሠረቱ ድርቆሽ ወይም የዳጉሳ ገለባ ነው። በላዩ ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው ይስጡ። መጀመሪያ በቀን 100 ግራም ይስጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 300 ወይም 400 ግራም ያድርሱትና ጠዋትና ማታ ይክፈሉት። አንዱን ጣሳ በሚዛን ለክተው ምልክት ቢያደርጉበት በየቀኑ መገመት አይኖርብዎትም።

የበቆሎ እህል በድንገት በብዛት የበላ በግ ሆዱ ይነፋል፤ ሊሞትም ይችላል። አተላ ከሰጡ ትኩሱን እንጂ የሻገተ አይስጡ። ንጹሕ ውሃና ጨው አይጓደሉበት።

6. በሚዛን ይከታተሉ

በየ15 ቀኑ ጠዋት ከመመገቡ በፊት ይመዝኑት። በደንብ የተያዘ የአገራችን በግ በቀን ከ50 እስከ 100 ግራም ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ በ15 ቀን ከ750 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠብቁ። ከዚያ ከቀነሰ መጀመሪያ ትሉን፣ ቀጥሎ መኖውን ይመርምሩ። በሦስተኛው ወር ጭማሪው ከቆመ ይሽጡት፤ ከዚያ ወዲያ የሚበላው ትርፍዎን ነው።

7. ሲደርስ ይሽጡ

ወገቡን ሲዳብሱት አከርካሪው በሥጋ ከተሸፈነና ላቱ ከሞላ ደርሷል። ገዢም የሚነካው ሽንጡንና ላቱን ነው። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድመው ገበያ ያውጡት፤ በዋዜማው ሁሉም ሲያወጣ ዋጋ ሊወርድ ይችላል። የግዢውን፣ የመኖውንና የመድኃኒቱን ወጪ በደብተር ጽፈው ከሽያጩ ይቀንሱ፤ የቀረው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዙር ስንት ጠቦት መግዛት እንደሚችሉ ይነግርዎታል።