ከፍታ፣ ሙቀትና ጭነት፦ ለተራራማ መስመሮች የአጭር ርቀት አውሮፕላን አመራረጥ

ለአገር ውስጥ መስመር አውሮፕላን ሲመረጥ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የወንበር ብዛት ነው፤ የነዳጅ ፍጆታና የግዢ ዋጋ ተከትለው ይመጣሉ። ይህ ቅደም ተከተል በሜዳማ አገር ብዙ ጉዳት የለውም። መነሻውም መዳረሻውም ደጋ ላይ በሆነበት በኢትዮጵያ ግን፣ ባለ 70 ወንበር አውሮፕላን ሞቃት በሆነ ከሰዓት በኋላ 70 መንገደኛ ይዞ እንዲነሣ ላይፈቀድለት ይችላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የአዲስ አበባ–ላሊበላን መስመር እንደ ማሳያ በመውሰድ ምርጫው ከየት መጀመር እንዳለበት ይመረምራል።

መነሻው አየሩ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር፣ የላሊበላው ደግሞ ወደ 1,960 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በቦሌ የአየር ግፊቱ 763 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ እፍግታው በኪዩቢክ ሜትር ወደ 0.89 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ይህም ከመደበኛው የባሕር ጠለል እፍግታ 73 በመቶ ያህል ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አውሮፕላኑ በ17 በመቶ የበለጠ እውነተኛ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እንደ ነበረ ቢጨምር እንኳ የመንደርደሪያው ርቀት በ38 በመቶ ይረዝማል። ሞተሩና ፕሮፔለሩም ያንኑ የሳሳ አየር ስለሚጠቀሙ ደግሞ የፍጥነት አጨማመሩ ራሱ ይዳከማል፤ ስለዚህ እውነተኛው ጭማሪ ከዚህም ይበልጣል። በአምራቾች መግለጫ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የመነሻ ርቀት በባሕር ጠለልና በ15 ዲግሪ የተሰላ በመሆኑ፣ ለደጋ አገር ተመራማሪ ከማስታወቂያ ብዙም አይሻልም።

ሆኖም በእኛ ሁኔታ ዋናው ማነቆ የመንደርደሪያ ርዝመት አይደለም። በኔፓል የምትገኘው ሉክላ 2,845 ሜትር ከፍታ ላይ 527 ሜትር መንደርደሪያ ብቻ ስላላት እንደ ትዊን ኦተር ያሉ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ግድ ትላለች። ላሊበላ ግን ወደ 2,400 ሜትር የሚደርስ አስፋልት አላት፤ ቱርቦፕሮፕ ለሆነ አውሮፕላን ይህ በቂ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት፣ የማረፊያ እግሩን ካጠፈ በኋላ ቢያንስ የ2.4 በመቶ ሽቅብታ ማሳየት እንዳለበት ደንቡ ያዛል፤ ማለትም በየ100 ሜትር አግድም ጉዞ 2.4 ሜትር መውጣት አለበት። ለእንቅፋት ስሌት ከዚህ ላይ 0.8 ይቀነሳል፤ የሚቀረው 1.6 በመቶ ነው። ከመንደርደሪያው ጫፍ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ 250 ሜትር ከፍታ ያለው ሸንተረር አለ እንበል። 1.6 በመቶ በዚያ ርቀት የሚያስገኘው ከፍታ 128 ሜትር ብቻ ነው። ሸንተረሩን በደንቡ የ35 ጫማ (10.7 ሜትር) ትርፍ ለመሻገር 3.3 በመቶ የተጣራ፣ ማለትም 4.1 በመቶ ያልተጣራ ሽቅብታ ያስፈልጋል። ጎታቹ ኃይል የክብደቱ 9 በመቶ ነው ብለን፣ የሞተሩን ግፊት ሳንለውጥ ብናሰላ፣ በ28 ቶን 2.4 በመቶ የሚያሟላ አውሮፕላን ወደ 24.4 ቶን መውረድ ይኖርበታል። ልዩነቱ 3.6 ቶን ያህል ነው፤ አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 95 ኪሎ ግራም ቢመዘን የ37 ሰው ክብደት ማለት ነው። መዞሪያ ያለው ልዩ የመውጫ መስመር መንደፍ ይህን ጉዳት ሊቀንስ ይችላል፤ ሸለቆው ለመዞር የሚበቃ ስፋት ካለው።

ሁለተኛው ፈተና በጉዞው መካከል ነው። ከላሊበላ አቅራቢያ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። አንድ ሞተር የጠፋበት አውሮፕላን ቀስ በቀስ እየወረደ ሲሄድ ከመሬቱ በላይ 2,000 ጫማ ወይም 610 ሜትር ያህል መጠበቅ አለበት። በተራራው ላይ የሚያልፍ መስመር ከሆነ ከ4,800 ሜትር በላይ መቆየት ይጠበቅበታል ማለት ነው። መስመሩን ማዛወር ይቻላል፤ በደጋው ላይ ግን ከአንዱ ተራራ የሸሸ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ይጠጋል።

በዚህ ሚዛን ሁለቱን የታወቁ አማራጮች እንይ። ኪው 400 እያንዳንዳቸው ወደ 5,071 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ሲኖሩት ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ ወደ 29.5 ቶን ነው፤ በአንድ ሞተር ሲቀር ለአንድ ቶን 172 የፈረስ ጉልበት ይደርሰዋል። 23 ቶን የሚመዝነው ኤቲአር 72-600 በመጠባበቂያ ጉልበቱ፣ በ2,750፣ ሲሰላ 120 ያህል ነው። ሁለቱም በከፍታ ላይ ጉልበት ያጣሉ፤ ክፍተቱ ግን በአንድ ሞተር ጉዞ ወሳኝ ነው። ኤቲአሩ ነዳጅ በመቆጠብ ይበልጣል፤ ለቆላ መስመሮች ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫዬ እርሱ ይሆን ነበር። ነገር ግን ወደ ጋምቤላ የሚሄደውም በረራ የሚነሣው ከቦሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2002 ዓ.ም. ፎከር 50ን የሚተካ ኪው 400 ማስገባት መጀመሩ ከዚህ አንጻር ምክንያታዊ ይመስለኛል። ቡታን በፓሮ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር፤ አንድ ሞተር ሲጠፋ ሩቡን ግፊት ብቻ የሚያጣውን ባለ አራት ሞተር ቢኤኢ 146 ተጠቀመች፤ ከዚያም ወደ ኤርባስ 319 ተሸጋገረች።

ነዳጅ ስሌቱን ያወሳስበዋል። አዲስ አበባና ላሊበላ በቀጥታ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ የሚያስፈልገው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ ክብደት መቀነስ ካስፈለገ ከመንገደኛው በፊት ነዳጁ ሊቀነስ ይችላል። በመዳረሻው ነዳጅ የማይቀዳ ከሆነ ግን የመመለሻው ከቦሌ ተጭኖ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ የሚቀነሰው ከሰውና ከሻንጣ ነው።

የስሌቱ ሙቀት ከየትኛው ወር ይወሰድ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ወደ ላሊበላ መንገደኛ የሚበዛው በገና ሰሞን ነው፤ የታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። የዓመቱን ከፍተኛ ሙቀት ለፍላጎቱ ጫፍ መጠቀም አውሮፕላኑን ያለ አግባብ ደካማ ያስመስለዋል፤ ዓመታዊውን አማካይ መጠቀም ደግሞ የመጋቢትንና የሚያዝያን ከሰዓት በኋላ ይደብቃል። ስለዚህ ጭነቱ ለእያንዳንዱ ወር በበረራው ሰዓት ሙቀት ተሰልቶ ከዚያው ወር የመንገደኛ ብዛት ጋር ሊነጻጸር ይገባል። የወንበሩ ቁጥር ወደ ሰንጠረዡ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።