ሰባ ባቄላ በሁለት ሽምብራ
(ታላላቅ ጦርነቶችን በጠረጴዛ ላይ መጫወት ያዋጣል ወይ?)

ባለፈው ሴሚስተር ለዲፓርትመንታችን ዓመታዊ ዐውደ ርዕይ ሐሳብ አምጡ ስንባል እኔ እጄን አውጥቼ የመቅደላን ጦርነት በትንንሽ የወታደር ምስሎች ሙሉ ለሙሉ እናሳይ አልኩ። «ሙሉ ለሙሉ ማለት?» ተባልኩ። «አንድ ወታደር ለአንድ ምስል» ብዬ መለስኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ «ሦስት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ፣ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ሠርተህ አምጣ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ ውጤት ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ይመስላል እንጂ ከሰንጠረዥና ከዳማ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ሰሌዳው የእውነተኛ መሬት አምሳያ መሆኑ ነው፤ ኮረብታ፣ ወንዝና መንገድ አለው። ጠጠሮቹም የወታደር መልክ ይዘው የተቀቡ ናቸው። ጉዞው በማስመሪያ ይለካል፣ የተኩሱ ውጤት እንደ ሉዶ በዳይስ ይወሰናል፣ ክርክር ሲነሳ ዳኛ አለ።

መነሻው ጨዋታ ሳይሆን ትምህርት ነበር። ራይስቪትስ የሚባሉ አባትና ልጅ ፕሩሺያውያን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አዘጋጁት፤ ልጁ ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1824 አሳተመ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው መጽሐፍ ወደ ሲቪሉ ሰው ቤት አስገባው። ከሁሉም ዘመን ደግሞ የናፖሊዮን ጦርነቶች (እ.ኤ.አ. 1803–1815) በተጫዋቾች ዘንድ በጣም ይወደዳሉ። ደንብ ልብሱ ባለ ብዙ ቀለም ነው፤ እግረኛው፣ ፈረሰኛውና መድፈኛው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ችግሩ ብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1815 ዋተርሉ ላይ ብቻ ወደ 190,000 ሰው ተሰልፎ ነበር። ይህን ማን በጠረጴዛ ላይ ይችለዋል?

የሞከሩ አሉ

ዊሊያም ሳይቦርን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ዋተርሉን በሞዴል እንዲሠራ ታዘዘ። በጦርነቱ ቦታ ለስምንት ወር ያህል ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ከዚያም በጦርነቱ ለነበሩ መኮንኖች «በዚያች ሰዓት የት ነበራችሁ? ከፊታችሁ ማን ነበር?» እያለ ደብዳቤ ጻፈ፤ በመቶ የሚቆጠር መልስም መጣለት። እንግዲህ የኛ ሙያ ይህ አይደል? እ.ኤ.አ. በ1838 ለንደን ላይ ያሳየው ሞዴል ስፋቱ 6 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር ያህል ሲሆን ወደ 75,000 የሚጠጉ የቆርቆሮ ወታደሮች ነበሩበት። መንግሥት ግን ገንዘቡን በመሐል አቁሞበት ስለነበር ሰውዬው ዕዳ ውስጥ ገባ። በዚህ ላይ የፕሩሺያ ጦር በውጊያው የነበረውን ድርሻ አጉልቶ ማሳየቱ በእንግሊዝ ጦር አዛዥ በዌሊንግተን ዘንድ አልተወደደለትም።

ከ181 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019፣ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋተርሉ እንደገና ተጫወተ። ከ20,000 በላይ ምስሎች ቀርበው ነበር፤ በሁለት ቀን ተጠናቀቀ። ልብ በሉ! ያን ሁሉ ይዘው እንኳ አንዱ ምስል በአማካይ ወደ ዘጠኝ ሰው ይወክላል። አንድ ለአንድ አልደፈሩም።

አራቱ እንቅፋቶች

ወደ እኛ ልመለስ። ለሙከራ የመረጥኩት የእሮጌን ውጊያ ነው። እሮጌ ከመቅደላ አምባ ሥር ያለ ሜዳ ነው። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ሳይንትን አልፎ በተንታ በኩል የሚገኝ የገዛ አገራችን ምድር ነው። በ1860 ዓ.ም ሚያዝያ 3፣ የስቅለት ዕለት፣ የዓፄ ቴዎድሮስ ጦር ከፋላ ከፍታ ወርዶ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የገጠመው እዚያ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 6 አምባው ተያዘ፣ ንጉሡም እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ናፒየር ከባሕር ጠረፍ ይዞ የተነሳው ወታደር ወደ 13,000 ቢሆንም እሮጌ ላይ በውጊያው የገባው 2,000 ያህል ነበር። በእኛ በኩል የወረደው ብዛት ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ ለስሌቱ እንዲመቸኝ 6,000 ብዬ ያዝኩ። ድምር 8,000።

አንደኛው እንቅፋት ቀለም ነው። አንዱን ምስል ለመቀባት አሥር ደቂቃ ብቻ ቢወስድ 8,000 ምስል 1,333 ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል፤ እኔ እስከዚያ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ! ሃምሳ ሰው ቢካፈለው ግን ለአንዱ 27 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በቁጥር ይሠራል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አንዱን ምስል አንስቶ ለማስቀመጥ ሦስት ሴኮንድ ቢፈጅ 8,000ውን አንድ ጊዜ ብቻ ለማራመድ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። ሃያ ሃያውን በአንድ ካርቶን ላይ ብናጣብቃቸው ግን 400 ካርቶን ይሆናሉ፤ 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

ሦስተኛው እጅ ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚደርሰው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ምንም ያህል ቢረዝም ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ40 ሊበልጥ አይገባም። አለበለዚያ መሐል ላይ ያለው ጦር ማንም የማያዘው ጦር ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው መሬት ነው። ተጫዋቾች በብዛት የሚጠቀሙበት ምስል ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ሰውን ወደ 60 ጊዜ ማሳነስ ነው። መሬቱንም በዚያው ልክ ብናሳንሰው አንድ ኪሎ ሜትር ወደ 17 ሜትር ይሆናል። የኛ ክፍል ርዝመት ደግሞ 8 ሜትር ነው! በመሆኑም ሁሉም ሰው ይዋሻል፤ መሬቱን ከሰዎቹ አብልጦ ያሳንሳል። ሳይቦርንም ቢሆን አንዱን ማይል ወደ 9 ጫማ ሲያወርድ ወታደሮቹ ግን ከመሬቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ገዝፈው ነበር።

ባቄላና ሽምብራ

ምስል መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ከገበያ ባቄላና ሽምብራ ገዛሁ። አንድ ፍሬ ለአሥር ሰው፦ 600 ባቄላ የኛ፣ 200 ሽምብራ የእንግሊዝ። ፋላንና ሰላምጌን በካርቶንና በጭቃ ሠራናቸው። መጀመሪያ ፍሬውን አንድ በአንድ ስንደረድር 50 ደቂቃ ፈጀብን፤ ከዚያ አንዱ ልጅ ጠረጴዛውን በጉልበቱ ነካው። በቃ፣ ሠራዊቱ ወለል ላይ! ሁለተኛ ጊዜ አሥር አሥሩን በካርቶን ላይ በሙጫ አጣበቅን። 80 ካርቶን ሆኑ፤ አንዱ ዙር በስድስት ደቂቃ ማለቅ ጀመረ።

ማታ ማታ በራችን ላይ ቆመው የሚያዩን የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ ያደጉት በተንታ በኩል ነው። አንድ ቀን ገብተው ጭቃውን አዩና «ልጆቼ፣ ይሄ ፋላ ነው? ታዲያ ገደሉ የታለ? ይሄማ የጤፍ ማሳ ነው!» አሉ። «ጋሼ እስቲ ያስተካክሉልን» አልናቸው። ዘነዘናቸውን አስቀምጠው በእጃቸው አስተካከሉልን። ካርታ ላይ አንድ መስመር የነበረው ቁልቁለት ያን ጊዜ ቁልቁለት ሆነ።

ሁለት ጊዜ ተጫወትን። በመጀመሪያው ዙር የኛን ጦር የመራችው የክፍላችን ልጅ ነበረች። የተኩሱን ሕግ ከመሣሪያው ነው ያወጣነው። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን የስናይደር ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ በደቂቃ ወደ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። የኛዎቹ በአብዛኛው ከአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ጦርና ጋሻ ነበራቸው። ከፍታው ላይ የነበሩት መድፎችም ብዙ አልጠቀሙም። ባቄላው ሽምብራው ጋ ሳይደርስ አለቀ። በሁለተኛው ዙር ልጅቷ «እኔ ከፋላ አላወርዳቸውም» አለች። ሕጉ ይፈቅድላታል። እንግሊዝ ሊወጣ ተገደደ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላም ገና አልለየለትም ነበር። ይህ የተከሰተ ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን የቁልቁለቱ ውሳኔ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ከየትኛውም ንግግር በላይ አስረድቶኛል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር ከተመዘገበው ቁጥር ጋር ለማስተያየት የወደቁትን ለየን። እንግሊዞች የኛን ሙታን ወደ 700 ገምተዋል፤ ይህ 70 ባቄላ ነው። ከእነሱ 20 ቆሰሉ፤ ይህ ደግሞ 2 ሽምብራ ነው። ቆስለው በኋላ የሞቱባቸው ሁለት ሰዎች በእኛ ሚዛን አንዲት ሽምብራ እንኳ አይሞሉም። ሰባ ባቄላ በአንድ በኩል፣ ሁለት ሽምብራ በሌላ በኩል ተቀምጠው ሲታዩ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ዝም አለ። ጋሼም በሩ ላይ ቆመው «የወደቁትስ የት ገቡ?» ብለው ጠየቁ። ሕጋችን ውስጥ መልስ አልነበረውም። የወደቀ ካርቶን ከጠረጴዛ ይነሳል፣ አለቀ።

ቁጥሩን ማን ነገረን?

የጋሼ ጥያቄ ወደ ሙያችን መለሰኝ። ሽምብራውን በእርግጠኝነት ስንቆጥር ባቄላውን የገመትነው ለምንድን ነው? ከናፒየር ጦር ጋር ጋዜጠኞች መጥተው ነበር። የኒውዮርክ ሄራልዱ ሄንሪ ሞርተን ስታንሌ ሱዌዝ ላይ ለቴሌግራፍ ሠራተኛ አስቀድሞ ገንዘብ ሰጥቶ ስለነበር ዜናው ከመንግሥት መልእክት ቀድሞ ለንደን ገባ። ፈጣን ጋዜጠኛ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሁሉም የቆሙት በሽምብራው በኩል ነበር። እዚያ የቆሰለ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፤ እዚህ የሞተው በግምት ይደመራል።

ምስል መቁጠርም እንዲሁ ነው። አንድ ፍሬ ለአሥር ሰው ስንል አንድ ሰው ይጠፋል። ያን ቀን የወደቁት ፊታውራሪ ገብርዬ በእኛ ሚዛን የባቄላ አንድ አሥረኛ ናቸው! እኛ ለብቻቸው አንድ አተር አቆምንላቸው። ስማቸውን ስለምናውቅ ነው፤ የሌሎቹን ስም ብናውቅ ኖሮስ?

አንድ ነገር ልጨምር። የሳይቦርን ትልቁ ሞዴል ዛሬ ያለው ለንደን በሚገኘው ናሽናል አርሚ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የዓፄ ቴዎድሮስን የጸጉር ቁንጮ ለኢትዮጵያ የመለሰውም ይኸው ሙዚየም ነው። በአንድ ቤት ውስጥ በኩል የእነሱ ጦርነት እስከ ቆርቆሮ ወታደሩ ድረስ ተቆጥሮ ቆሟል። ከኛው ጦርነት ደግሞ የንጉሡ ጸጉር ተወስዶ 151 ዓመት ቆየ።

ታዲያ ያዋጣል?

መልሴ ይህ ነው። አንድ ለአንድ አያዋጣም፤ ያለ ሀብትና ያለ ዓመታት ማንም አይጨርሰውም። ቢጨርሰውም እጁ አይደርስም፣ ሰዓቱ አይበቃም። አንድ ለአሥር ግን በኛ ክፍል፣ በአሥር ተማሪና በአንድ ቅዳሜ ይቻላል፤ ሠርተን አይተነዋል። ስለዚህ ለዐውደ ርዕዩ የማቀርበው ሐሳብ፦ ጠረጴዛው ጠባብና ረጅም ይሁን፤ ሠራዊቱ በካርቶን ላይ ይጣበቅ፤ መሬቱን አገሩን የሚያውቅ ሰው ሳያይልን አንጀምር፤ ከሁሉም በላይ የወደቀው ካርቶን ከጠረጴዛ አይነሳ፣ በወደቀበት ይቆይ። ከጎኑም አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ከተንታም ይሁን ከሳይንት የአያቱን ታሪክ የሰማ ጎብኚ ስምና ቦታ ይጻፍበት። ሳይቦርን ለመኮንኖቹ ደብዳቤ እንደጻፈው እኛም እንጠይቅ።

ከሙከራው የተረፈውን ባቄላ ሙጫ ስለነካው አልቀቀልነውም። ሰባዎቹ በፖስታ ታሽገው በቁም ሳጥኔ ውስጥ አሉ። ደብተሩን ከወዲሁ መሙላት የምትፈልጉ የዲፓርትመንቱ ልጆች ብቅ በሉ።

ቸር ይግጠመን!