ስለ አልጌ መዝገብና ስለ ጠባቂው ሥራ

በደብረ ማርቆስ አጠገብ የጨሞጋን ወንዝ በበጋ የሚሻገር ሰው ከደንጊያ ወደ ደንጊያ ሲረግጥ እግሩ ያዳልጠዋል። የሚያዳልጠው ደንጊያው ራሱ አይደለም፤ ደንጊያውን እንደ ስስ ልብስ የሸፈነው አረንጓዴ ነገር ነው። ውሃው ጸጥ በሚልበት ስፍራ ደግሞ ይኸው አረንጓዴ እንደ ፀጉር ረዝሞ ከወራጁ ጋራ ሲወዛወዝ ይታያል። እረኛው ከብቱን ሲያጠጣ በበትሩ ገለል ያደርገዋል፤ ውሃ የምትቀዳውም ሴት ወደ እንስራዋ እንዳይገባ በእጇ ትገፋዋለች፤ ከዚህ በቀር ልብ የሚለው የለም። ሊቃውንት ግን አልጌ ብለው ይጠሩታል፤ በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍትም ዋቅላሚ ተብሏል።

አልጌ ሥር የለውም፤ አበባም የለውም። ይሁን እንጂ እንደ ጤፍና እንደ ገብስ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ምግቡን በራሱ ያዘጋጃል። ከወገኑ አንዳንዱ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ በቀዝቃዛ ባሕር የሚበቅለው ግዙፉ ግን ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል። በውሃ ውስጥ ያሉ እነዚህ ረቂቃን ፍጥረቶች በምድር ላይ ከሚወጣው ኦክሲጅን ግማሽ ያህሉን እንደሚሰጡ ታውቋል። እንግዲህ በእግር የሚረገጠው ነገር እንደ መልኩ የተናቀ አይደለም።

ይህን ነገር ሰብስቦ፥ አድርቆ፥ ስሙን ለይቶ የሚጠብቅ ሠራተኛ በታላላቅ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክሮች ውስጥ አለ። ሥራውን ለመረዳት የሚሻ ሰው የደብርን ዕቃ ቤት ያስብ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ እያንዳንዱን መጽሐፍና ልብሰ ተክህኖ ማን እንደ ሰጠው፥ በማን ዘመን እንደ ገባ ያውቃል። በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈች አንዲት የርስት ቃል ከብዙ ዘመን በኋላ ለክርክር ምስክር ሆና ትነሣለች። የአልጌ ጠባቂም እንዲሁ ነው፤ የእርሱ ብራና ወረቀት ነው፥ ኅዳጉም በወረቀቱ ጥግ የሚለጠፈው ትንሽ ጽሑፍ ነው።

በዚያ ጽሑፍ ላይ አልጌው የተገኘበት ስፍራ፥ የተለቀመበት ቀን፥ የለቃሚው ስምና ቍጥር ይጻፋል። ስፍራና ቀን የሌለው አልጌ የደረቀ ሣር ነው፤ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን አንዳች ነገር አይመሰክርም። ስለዚህ አዋቂ ጠባቂ አዲስ ዕቃ ሲቀበል አስቀድሞ የሚያየው አልጌውን ሳይሆን ጽሑፉን ነው።

የቀን ሥራው ብዙ ነው፥ አብዛኛውም ትዕግሥት እንጂ ክብር የለበትም። ወረቀት የሚበላ ተባይ እንዳይገባ ሣጥኖቹን ይመረምራል፤ ተባይ የገባበትንም ወረቀት በብርቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ ተባዩን ይገድላል። በጠርሙስ የተቀመጡትን ፈሳሹ እንዳይጐድልባቸው ይጠብቃል። የብርጭቆን ባሕርይ የሚመስል ቅርፊት ያላቸውን ረቂቃን በመስታወት ላይ አድርጎ በቍጥር ያኖራል። ከሌላ አገር ሊቅ ሲጠይቀው ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ያውሳል፤ በጊዜውም እንዲመለስ ደብዳቤ ይጽፋል። በዘመናችን ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ ወረቀት ላይ ቅንጣት ቆርሶ ዘሩን በዲ ኤን ኤ መመርመር ስለ ተቻለ፥ የቀድሞ ጠባቂዎች ያላሰቡት ጥቅም ተገኝቷል።

ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ የሚጠበቀው አንድ ስም መጀመሪያ ሲሰጥ ስሙ የተመሠረተበት ናሙና ነው። ሊቃውንት በስም ሲከራከሩ ወደዚያ ይመለሳሉ። ስምም እንደ ተራ ነገር አይቈጠር፤ ስሙ ሲሳሳት የሚከተለው ስሕተት ምን ያህል እንደ ሆነ ከጃፓን አገር የተገኘው ምሳሌ ያስረዳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጃፓኖች ኖሪ የሚባለውን ቀይ የባሕር አልጌ ከጥንት ጀምሮ ይበላሉ፥ በባሕር ውስጥም ያለሙታል። ነገር ግን ዘሩ በበጋ ወዴት እንደሚሄድ አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ አንዳንድ ዓመት መከሩ ሲጠፋ ለገበሬው መላ አልነበረም። በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር ባተርስ የሚባል ሊቅ በዛጎል ውስጥ የሚኖር ሐምራዊ ረቂቅ አልጌ አግኝቶ በ1892 ኮንኮሴሊስ ብሎ ሰይሞት ነበር። ኖሪ ከነወገኑ በአንድ ስም፥ ኮንኮሴሊስም በሌላ ስም እየተጻፉ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ኖሩ። በ1949 ካትሊን ድሩ ቤከር የምትባል የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የኖሪን ወገን ዘር በዛጎል ላይ ዘርታ ብትጠብቅ ያ ኮንኮሴሊስ ሆኖ በቀለ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ፍጥረት ሁለት ዕድሜ ናቸው ማለት ነው። የጃፓን ሊቃውንት ይህን በተረዱ ጊዜ ዘሩን በዛጎል ማሳደግ ጀመሩ፤ ልማቱም ጸና። ሴቲቱ ጃፓንን ሳታይ በ1957 ዐረፈች፤ የጃፓን ሰዎች ግን በ1963 በኡቶ ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙላት፥ የባሕር እናትም አሏት። ይህች ሊቅ ባል ስላገባች የመምህርነት ደመወዝ እንደ ተከለከለች መጨመር ይገባል፤ ያንን ሁሉ የሠራችው ያለ ደመወዝ ነው።

የጠባቂው ሥራ ቸል ሲባል ወይም መከራ ሲመጣ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ ደግሞ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነገር ያሳያል። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በዐድዋ እስኪሞት ድረስ የሀገራችንን ዕፅዋት ለቅሞ ወደ አውሮጳ ሲልክ ኖረ። ከዚህ ብዙው በበርሊን መዝገብ ተቀምጦ ነበር። በ1943 በመጋቢት መግቢያ ሌሊት በጦርነቱ ቦምብ ሲወድቅ ቤቱ ተቃጠለ፤ እጅግ ብዙ ዕፅዋትም ዐመድ ሆኑ። ይሁን እንጂ ሺምፐር ከአንድ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ እየቈረጠ ወደ ልዩ ልዩ ከተማ ይልክ ስለ ነበር፥ በአንዱ ቤት የተቃጠለው በሌላው ቤት ተረፈ።

በሀገራችንም አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ቤት በ1959 ብሔራዊ የዕፅዋት መዝገብ ተቋቋመ። ከስዊድን ሊቃውንት ጋራ በመተባበር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚገልጹ መጻሕፍት ከ1980 ጀምሮ ተዘጋጅተው በ2009 ተፈጸሙ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የያዘው አበባ ያላቸውንና ዘመዶቻቸውን ስለ ሆነ አልጌ በውስጡ የለም። የውሃችን አረንጓዴ ገና ጸሐፊ ይፈልጋል።

ስለ መዘግየት የሚመጣውን ጉዳት በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የቂሎሌ ሐይቅ ያስረዳል። ይህ ሐይቅ ጨው የበዛበት ሲሆን አርትሮስፒራ በሚባለው ረቂቅ ፍጥረት የተነሣ ወፍራም አረንጓዴ ነበር፤ በቅርቡ ያለው ሌላው ሐይቅም ከዚሁ መልክ የተነሣ አረንጓዴ ተብሎ ይጠራል። በቻድ ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎች ይህንኑ ፍጥረት አድርቀው ይበሉታል። በ1989 ገደማ ግን የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ሲባል ወደ ቂሎሌ ተመለሰ፤ ጨውነቱ ቀነሰ፥ ያ የቀድሞው አረንጓዴም በሌላ ተተካ። የቀድሞው መልኩ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚታወቀው ሊቃውንት ቀደም ብለው ለክተው ስለ ጻፉ ብቻ ነው። እንዲሁም ጣልያኖች ሀገራችንን በያዙበት ዘመን በ1937 የጣናን ሐይቅ መርምረው ነበር፤ የመጡበት ሐሳብ ክፉ ቢሆንም የጻፉት ለዛሬው መመዘኛ ሆኗል።

ይህ ለጎጃም ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። ከጮቄ የሚወርደው ውሃ በየመንደሩ እያለፈ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ማዳበሪያና የከብት እበት በበዛበት ኩሬ አልጌ ከልክ በላይ ይበዛል። ከእነዚህም ውስጥ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባሉት (እነርሱ ስማቸው ከአልጌ ጋራ ቢጠራም በባሕርያቸው ባክቴሪያ ናቸው) አንዳንድ ጊዜ መርዝ ያወጣሉ። እንደ ፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም በውሃው ላይ ተንሳፎ የሚታየውን ከብት እንዳይጠጣው፥ ልጆችም እንዳይዋኙበት ማስጠንቀቅ ይገባል፤ መርዙ በማፍላት አይጠፋም። በ2011 በጣና የታየው እንቦጭ ግን አልጌ አይደለም፤ ሥርና ቅጠል፥ አበባም ያለው ተክል ነው፤ ተማሪዎች ሁለቱን እንዳያቀላቅሉ መምህሩ ይለይላቸው።

የመንደር መምህር ማይክሮስኮፕ ባይኖረውም የጠባቂውን ሥራ ሊጀምር ይችላል። ፀጉር የሚመስለውን አልጌ በጥቂቱ ከወንዝ ወስዶ ጥሩ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያንሳፍፈው። ወፍራም ነጭ ወረቀት ከሥሩ በዝግታ ያስገባ፤ ክሮቹን በስንጥር ካበጠረ በኋላ ወረቀቱን አጋድሎ ያውጣው። በላዩ ሻሽ ያልብስ፥ በአሮጌ ወረቀት መካከልም አኑሮ ሰሌዳና ደንጊያ ይጫንበት። አሮጌው ወረቀት በየቀኑ ይለወጥ፤ ይህ ካልተደረገ ይሻግታል። ሙጫው በራሱ ውስጥ ስላለ ብዙው አልጌ ያለ ሌላ ሙጫ ከወረቀቱ ይጣበቃል። ጽሑፉ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳልና። ከአንዱ ስፍራ ሁለት ወረቀት ይዘጋጅ፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፥ ሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ ለሚልክ ሰው ይሁን።

ሽማግሌዎች በዚህ ሥራ የሚያግዙበት ነገር አለ። ምንጩ ቀድሞ በየትኛው ወር ይደርቅ እንደ ነበር፥ አረንጓዴው መቼ እንደ በዛ፥ የአገሩ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው የሚያውቁ እነርሱ ናቸው፤ ይህም ቃል ከተናጋሪው ስም ጋራ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያው ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ጨሞጋ ወንዝ፥ ከመሻገሪያው በላይ፥ በደንጊያ ላይ የተለቀመ፤ ውሃው ቀዝቃዛና ጥሩ፤ ኅዳር 12 ቀን ጧት፤ ዓመተ ምሕረቱ፥ የለቃሚው ተማሪ ስም፤ ቍጥር 1።