የሰፈር ብስባሽ አጀማመር
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በከተማ ከየቤቱ ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላና የጫት ገረባ ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ተደባልቆ ሲጣል ግን ለማንም አይጠቅምም። በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ሥፍራ ለብዙ ዓመታት የተቆለለው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሚበሰብሰውን ክፍል በየሰፈሩ አስቀርቶ ለጓሮ አትክልት ማዋል ይቻላል።

ሁሉም ነገር ወደ ክምሩ ይምጣ ማለት አይደለም። የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ የጠላ አተላና የአትክልት ቅጠልም በግ ወይም ላም ያለው ጎረቤት ይውሰደው። ለክምሩ የሚፈለገው ሰውም እንስሳም የማይበላው ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ውሻ፣ አይጥና ጅብ ስለሚጠሩ አይገቡም።

በስንት ቤት ይጀመር?

የልማት ሠራተኛው መላውን ሰፈር መዝግብ ቢባልም በ20 ቤት እንዲጀምር እንመክራለን። ምክንያቱ ከሒሳቡ ይታያል። አንድ ቤት በቀን 1 ኪሎ ቢሰጥ 20 ቤት በሳምንት 140 ኪሎ ይሰጣል። ይህን እርጥብ ጥራጊ ለማመጣጠን በስፍር እጥፍ ደረቅ ነገር ሲጨመርበት ወደ 1 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ክምር ይወጣዋል። ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ክምር ይሞላል ማለት ነው። ብስባሹ ለመብሰል 3 ወር ያህል ይወስዳል፤ ክምሩ ግን በ3 ሳምንት ወደ ግማሽ ስለሚወርድ በማገላበጥ ጊዜ ሁለቱን አንድ ማድረግ ይቻላል። በዚህ አያያዝ በአንድ ጊዜ 9 ያህል ክምር ይኖራል፤ ከመተላለፊያውና ከደረቅ ነገር ማስቀመጫው ጋር 4 በ8 ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃል። 100 ቤት ቢመዘገብ የዚህ አምስት እጥፍ ቦታ ከየት ይመጣል? ቦታ ያጣ ጥራጊ ይሸታል፤ ጎረቤትም አንድ ጊዜ ከሸተተው ሁለተኛ አይተባበርም።

ከቦታው ቀጥሎ የሚያስቸግረው ደረቁ ነገር ነው። ገለባ፣ ደረቅ ሣር፣ የረገፈ ቅጠልና ሙጫ ያልነካው ሰጋቱራ አስቀድሞ በመጠለያ ሥር መከማቸት አለበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ባይበዛ ይሻላል። የከሰል አመድም በየንብርብሩ እፍኝ ያህል ቢነሰነስ እንጂ አይበዛም። ደረቁ ነገር ያለቀ ዕለት እርጥቡን መቀበል ማቆም ይገባል።

እያንዳንዱ ቤት የሚበሰብሰውን በተለየ ባልዲ ያስቀምጥ። ፌስታል፣ ጠርሙስ ወይም ባትሪ የተደባለቀበት ባልዲ ሲመጣ ተቀባዩ መመለስ አለበት። በጎረቤት መካከል ይህ ስለሚከብድ ደንቡ አስቀድሞ በእድሩ ወይም በማኅበሩ ስብሰባ ይወሰን። ብስባሹ ለማን እንደሚደርስ፣ ቢሸጥም ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል በዚያው ቃለ ጉባኤ ይግባ። ጠቡ የሚነሣው የደረሰው ብስባሽ በሚታፈስበት ቀን ነውና!

አከማመርና አያያዝ

ከሥር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራሮ ወይም የበቆሎ አገዳ ይነጠፋል፤ አየር የሚያስገባው እርሱ ነው። በላዩ ሁለት ባልዲ ደረቅ፣ አንድ ባልዲ የተከተፈ እርጥብ፣ ከዚያም ስስ አፈር ወይም ፍግ እየተፈራረቀ እስከ 1 ሜትር ይደረሳል። በመካከሉ ረጅም ዱላ ይተከላል። ክምሩ በክረምት ከዝናብ፣ በበጋ ከፀሐይ ይሸፈናል።

ዱላው ከ5 ቀን በኋላ ተነቅሎ በእጅ ይዳሰስ። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው ደህና ነው፤ በጥሩ ክምር ውስጥ ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ የአረም ዘርንም ይገድላል። ሞቆ ከደረቀ ውኃ ይፈልጋል። ቀዝቅዞና ረጥቦ ከሸተተ አየር አጥሮታልና ወዲያው ይገላበጥ፤ ደረቅም ይጨመርበት። የውኃውን ልክ ለማወቅ ጭብጥ ሙሉ ወስዶ መጭመቅ ነው፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው በቂ ነው። ከ3 ሳምንት በኋላ የውጭው ወደ ውስጥ እንዲገባ ይገላበጣል፤ በወሩ ደግሞ ይደገማል።

የደረሰ ብስባሽ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ይሸታል፤ ልጣጭም አይለይበትም። ለማረጋገጥ በጣሳ ሞልቶ ፌጦ መዝራት፣ በሌላ ጣሳ ደግሞ በጓሮ አፈር ላይ መዝራት ነው። ፌጦ በጥቂት ቀናት ይበቅላል። የብስባሹ ፌጦ ከአፈሩ እኩል ካልወጣ ወይም ከገረጣ ክምሩ ሌላ 3 ሳምንት ይቆይ፤ ያልበሰለ ብስባሽ ለችግኝ አይሰጥም።